አልናገርም ያለው የአበጋዝ ሬዲዮ

ከዕለታት በአንዱ ሐሙስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ወይራ ገደል በምትባል ከተማ፣ አበጋዝ የሚባል ልብስ ሰፊ አንዲት ትንሽ ነገር ፈለገ። መሬት አልፈለገም፤ ሹመት አልፈለገም። የልጁን ድምፅ በሬዲዮ ለሩብ ሰዓት መስማት ፈለገ፤ ይኸው ነው። መስማት የሚፈልግ ይቀመጥ። የቸኮለ ሄዶ አዲስ ሬዲዮ ይግዛ፤ ብዙ ሰው የሚያደርገው እሱን ነው።

ልጁ ትርሲት ትባላለች። ከሩቅ አገር ሆኖ በአጭር ሞገድ በአማርኛ የሚያሰራጭ አንድ ጣቢያ ውስጥ ሥራ ለመያዝ ስትሞክር ቆይታ ማክሰኞ ዕለት ደወለች።

"አባዬ፣ ሐሙስ ማታ ዜና አነባለሁ። ልክ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ። ለሙከራ ነው፤ አንዴ ብቻ ነው። ስማኝና እውነቱን ንገረኝ። እዚህ ያሉት ሁሉ ጎበዝ ነሽ ይሉኛል፤ አላምናቸውም።"

አበጋዝን ግን ታምነዋለች። ልጅ ሳለች ከስፌት መኪናው ሥር ተቀምጣ፣ የልብስ ልክ የሚወጣበትን ጋዜጣ ጮክ ብላ ታነብለት ነበር። ጋዜጣው በእጅጌ ቅርጽ ስለሚቆረጥ ዜናው ሁሉ ብብት ላይ ሲደርስ ያልቃል። አበጋዝ ዓይኑን ከመርፌው ሳያነሳ "የቃሉን ጫፍ ዋጥሽው፤ መልሰሽ አንብቢው" ይላታል። እሷም ትመልሳለች። አሁን ለመላው ዓለም ልታነብ ነው፤ የቃሉን ጫፍ ትዋጥ፣ አትዋጥ የሚነግራት ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። ስልኩ ደግሞ ለዚህ አይሆንም፤ ወይራ ገደል ውስጥ ኢንተርኔት እንደ እንግዳ ነው፤ ይመጣል፣ ሳይቀመጥ ይሄዳል።

አበጋዝ በአራት ባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ እጀታ ያለው አሮጌ ሬዲዮ አለው። ማክሰኞ ገና እንደ ደወለች ከፍቶ ሞከረው። ጣቢያው አንዴ ይቀርባል፣ አንዴ ይርቃል። አበጋዝ ጨርቅ ከመቁረጡ በፊት ሦስት ጊዜ የሚለካ ሰው ነው፤ "ሐሙስ ቢርቅብኝስ?" ብሎ ፈራ። ፈርቶም ኢንጅነር ሞላልኝ ዘንድ ሄደ። ሞላልኝ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። ኢንጅነርነቱን የሰጠው ዩኒቨርሲቲ አይደለም፤ የሱቁን ታፔላ የጻፈው ሠዓሊ ነው።

"ጋሼ፣ ችግሩ የኃይል ነው" አለ ሞላልኝ፣ ሬዲዮውን ሳይከፍት። "ድንጋይ ድሮ ቀረ። ይኼ መብራቱን የሚያመጣጥን ስታብላይዘር ያስፈልገዋል።"

ስታብላይዘሩ የማር ቆርቆሮ ያህላል። አበጋዝ ለትምህርት ቤት ልጆች ዩኒፎርም ሰፍቶ ያጠራቀመውን ሰጥቶ ገዛው። ሞላልኝም ራሱ መጥቶ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ባለው በቤቱ ብቸኛ ሶኬት ላይ ተሰክቶ የነበረውን ገመድ ነቅሎ በመስኮት ወረወረና ስታብላይዘሩን ሰካው። "እኔ ሳልፈቅድ እንዳትነቅለው፤ ይቃጠላል" ብሎም አስጠነቀቀ። ሬዲዮው ዳንቴል ለብሶ ስታብላይዘሩ ላይ ተቀመጠ፤ ወፍራም ኃይል በቀጭን ገመድ ይጠጣ ጀመር። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከአፉ የሚወጣው "ዝዝዝዝዝ" ብቻ ሆነ።

"በፊት በየመሃሉ የሚናገር ሰው ነበረ" አለች ሚስቱ አስካለ። "አሁን ሰውየው ሞቶ ዝንቡ ቀረ።"

እንግዲህ ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ አበጋዝ ሬዲዮውን ለመነው። "ባክህ፣ ዛሬ ማታ ለሩብ ሰዓት ብቻ ተናገር።"

ሬዲዮው ከዙፋኑ ሆኖ ቁልቁል አየው። "እኔ? እንዲህ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጬ? በዚች ስንጥር በምታህል አንቴና? ያለ ሽቦ አልናገርም!"

ሬዲዮው ያለ ሽቦ አልናገርም አለ፤ አበጋዝም ልጁን መስማት አልቻለም። ሰዓቱ ስምንት ከሩብ ሆነ።

አበጋዝ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወደ ሞላልኝ ሄደ። "ኢንጅነር፣ ሬዲዮው ያለ ሽቦ አልናገርም አለ፤ ልጄን መስማት አልቻልኩም።"

"ብዬህ ነበር" አለ ሞላልኝ። አላለውም ነበር። ከመደርደሪያው ባለ ሥዕል ካርቶን አወረደ። "ይኼ ከውጭ የመጣ አንቴና ነው። ይኼን ከገዛህ ጨረቃ ላይ ያለ ሰው ሲያስነጥስ ትሰማለህ።"

"ተራ ሽቦ የለህም?"

"ተራ ሽቦ!" ሞላልኝ ሳቀ፤ ደንበኞቹም እንዲስቁ ዞር ብሎ አየ። ማንም አልነበረም። "ለዚያች አፏን ለሚይዛት ልጅህ ከሆነስ እሱም ይበዛል። ያንን የተቃጠለ ሞተር ፍታና ውሰድ። ካልሠራልህ ውሻ ታስርበታለህ።"

አበጋዝ ስድቡን ዋጠ፤ ሽቦውን ግን ፈታ። ቀይ፣ ቀጭን፣ ቀለም የተቀባ መዳብ ነው። በሜትሩ ለካው፤ አሥራ አምስት ሜትር ከአንድ ክንድ። ተጠራጥሮ ደግሞ ለካው፤ ያው ነው። ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ሲገባ አስካለ ግቢው ውስጥ አንሶላ ታሰጣለች።

"ምን ፍለጋ ነው ይኼ ሁሉ?" አለችው።

"ለሬዲዮው ሽቦ።"

"ይኼስ ሽቦ አይደለም?" አለች፣ የልብስ ማስጫዋን በጣቷ እየመታች። ከቤቱ ማዕዘን ጀምሮ ግቢውን አቋርጦ እስከ አጥሩ የተወጠረ ሽቦ ነው፤ ድምፅ አወጣ።

"ያ የልብስ ነው፣ አስካለ" አላት በትዕግሥት። የተማረ ሰው ላልተማረ እንደሚናገረው ነበር የተናገረው። አስካለም አንሶላዋን በልብስ መቆንጠጫ ቆነጠጠችው። እሱ ለማየት ጊዜ አልነበረውም።

ሽቦውን ሊሰቅል ሲል ሽቦው ተቆጣ። "እኔ ሞተር ያዞርኩ ሰው ነኝ! ጣራ ሥር ልንጋደም? አጥር ላይ ልንጠልጠል? ያለ ምሰሶ አልሰቀልም!"

ሽቦው ያለ ምሰሶ አልሰቀልም አለ፤ ሬዲዮው ያለ ሽቦ አልናገርም አለ፤ አበጋዝም ልጁን መስማት አልቻለም። ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ሆነ።

ከአጥሩ ወዲያ እትዬ ቀለሟ የሚባሉ አሮጊት ይኖራሉ። ጓሯቸው ውስጥ ስድስት ባሕር ዛፍ ቆሟል። አበጋዝ በአጥሩ ላይ ተጠግቶ እጅ ነሳ።

"እትዬ፣ ሽቦው ያለ ምሰሶ አልሰቀልም አለ፤ ሬዲዮው ያለ ሽቦ አልናገርም አለ፤ ልጄን መስማት አልቻልኩም። አንድ ባሕር ዛፍ ቢሰጡኝ?"

"ሬዲዮ ዘንድሮ እንጨት መብላት ጀመረ?" አሉ እትዬ ቀለሟ።

"ለምሰሶ ነው፣ እትዬ።"

"የኔ ሟች ባለቤት ሬዲዮ ሲሰማ ከጆሮው ላይ ለጥፎ ነበር። ምሰሶ ሲተክል አላየሁትም። እሺ፣ ዳር ያለውን ቁረጥ፤ ለትርሲት ስል ነው። ግን መጥረቢያ ከኔ አትጠብቅ፤ እጀታው ብቻ ነው የቀረው፤ እሱንም በር እደግፍበታለሁ።"

ባሕር ዛፉ አበጋዝን ከላይ እስከ ታች አየው፤ ያም ብዙ ጊዜ አልወሰደበትም። "አንተ ነህ በመርፌ ቁመት ተለክተህ እኔን የምትጥለኝ? በመቀስ ልትቆርጠኝ ነው? ያለ መጥረቢያ አልወድቅም!"

ባሕር ዛፉ ያለ መጥረቢያ አልወድቅም አለ፤ ሽቦው ያለ ምሰሶ አልሰቀልም አለ፤ ሬዲዮው ያለ ሽቦ አልናገርም አለ፤ አበጋዝም ልጁን መስማት አልቻለም። ሰዓቱ አሥር ሆነ።

በሠፈሩ ጥሩ መጥረቢያ ያለው ዕድሩ ነው። የዕድሩ መጥረቢያ፣ ድንኳንና ብረት ድስት አንድ ቤት ተቆልፎባቸዋል፤ ቁልፉ አቶ ጎሹ የተባሉ ዕቃ ያዥ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። አቶ ጎሹ ቁልፉን ገላቸውን ሲታጠቡ እንኳ አያወልቁም ይባላል፤ ገላቸውን ሲታጠቡ ያየ ግን የለም።

"ጋሽ ጎሹ፣ መጥረቢያ ፈልጌ ነበር" አለ አበጋዝ።

አቶ ጎሹ ኮፍያቸውን አወለቁ። "ነፍስ ይማር። ማን ነው?"

"ማንም አልሞተም።"

ኮፍያቸውን መልሰው አደረጉ። "እንግዲያው ምን ልትሠራበት ነው?"

"ባሕር ዛፉ ያለ መጥረቢያ አልወድቅም አለ፤ ሽቦው ያለ ምሰሶ አልሰቀልም አለ፤ ሬዲዮው ያለ ሽቦ አልናገርም አለ፤ ልጄን መስማት አልቻልኩም።"

"አቶ አበጋዝ፣ ይኼ ዕድር ነው። ሰው ሳይሞት ዕቃ አይወጣም። ባለፈው ሰርግ ነው ብለው ድስት ሊወስዱ መጡ፤ ሙሽራው ከሞተ ተመለሱ ብዬ ሰደድኳቸው።"

አበጋዝ ተስፋ ቆርጦ በበሩ ስንጥቅ ወደ ውስጥ አየ። መጥረቢያው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። "ጋሽ ጎሹ፣ ይኼ መጥረቢያ ዝጓል እኮ።"

"ምን ይሁን? ስምንት ወር ሙሉ የሞተ የለም!" አሉ አቶ ጎሹ፣ አባላቱን እየወቀሱ። ከዚያ አሰቡበት። ነገ አንዱ ቢሞትና መጥረቢያው ባይቆርጥ ተጠያቂው ማን ነው? "ሞርደህ የምትመልስ ከሆነ ለጥገና ወጣ ብዬ ልጻፈው። ስትሞርደው መሳሉን ለማረጋገጥ አንድ ዛፍ ብትቆርጥ እኔ አላየሁም።"

መጥረቢያው ወደ ፀሐይ ሲወጣ አዛጋ። "የሙታን አገልጋይ ነኝ፤ ለሬዲዮ ከቤቴ አወጣኸኝ። ይሁን። ግን በዚህ ጥርስ? ሳልሞረድ አልቆርጥም!"

መጥረቢያው ሳልሞረድ አልቆርጥም አለ፤ ባሕር ዛፉ ያለ መጥረቢያ አልወድቅም አለ፤ ሽቦው ያለ ምሰሶ አልሰቀልም አለ፤ ሬዲዮው ያለ ሽቦ አልናገርም አለ፤ አበጋዝም ልጁን መስማት አልቻለም። ሰዓቱ አሥራ አንድ ከሩብ ሆነ።

ሞራጅ ሩቅ አይደለም። ሹኩር የሚባለው ቢላ ሞራጅ አራት ዓመት ሙሉ የሠራው ከአበጋዝ መስኮት ሥር ነው። የመሞረጃ ማሽኑን የሚያዞረው በኤሌክትሪክ ነው። አበጋዝ ሲደርስ ሹኩር እጁን አጣጥፎ፣ ማሽኑን በማዳበሪያ ጆንያ ሸፍኖ ተቀምጧል። አበጋዝ ይህን ሁለት ቀን ሙሉ አይቶታል፤ አይቶም "ሥራ ቀዝቅዞበታል" ብሎ አልፏል። የራሱ መቀስ ከትናንት ጀምሮ ጨርቅ ማኘኩን ግን በጨርቁ አሳቦ ነበር።

"ሹኩር፣ ይኼን ሞርድልኝ፤ ቸኩያለሁ። መጥረቢያው ሳልሞረድ አልቆርጥም አለ፤ ባሕር ዛፉ ያለ መጥረቢያ አልወድቅም አለ፤ ሽቦው ያለ ምሰሶ አልሰቀልም አለ፤ ሬዲዮው ያለ ሽቦ አልናገርም አለ፤ ልጄን መስማት አልቻልኩም።"

ሹኩር ተነሳ፤ ደግሞ ተቀመጠ። "ጋሼ አበጋዝ፣ እኔ ብሞርድልህ ደስ ይለኝ ነበር።"

ማሽኑ ከጆንያው ሥር አጉረመረመ። "ይሉኝታ የለኝም እኔ፤ ልንገረው። በምን ልዙር? በምራቅ? ያለ ሶኬት አልዞርም!"

"ሶኬት?" አለ አበጋዝ።

ሹኩር መሬት መሬት እያየ የገመዱን ጫፍ ከአቧራው ላይ አነሳ። ጫፉ ባዶ ነው። ገመዱ ግድግዳውን ታክኮ ወጥቶ በመስኮቱ ይገባል፤ ይገባ ነበር ማለት ነው።

አበጋዝ አሁን ገባው። ሹኩር ከእሱ ሶኬት ኃይል ይወስዳል፤ በምትኩ መቀሱን በየሳምንቱ ይሞርድለታል። አራት ዓመት የቆየ ስምምነት ነው። ሞላልኝ ማክሰኞ ነቅሎ በመስኮት የወረወረው ገመድ ይህ ነበር። አበጋዝ ያን ጊዜ አፉን ከፍቶ ስታብላይዘሩን ያይ ነበር።

"ሁለት ቀን ሙሉ እዚህ ስትቀመጥ ለምን አልነገርከኝም?"

"ትልቅ ዕቃ ገዝተሃል አሉኝ፣ ጋሼ። ደስ ብሎህ ሳለ ሶኬቴን ልበልህ? ለራስህ ትዝ ይልሃል ብዬ ጠበቅኩ።"

አበጋዝ ሮጦ ገባና ሶኬቱን ጠየቀው። ሶኬቱም አፉ እንደ ሞላ መለሰ። "ሁለት አፍ አለኝ እንዴ? እንግዳዬ ሳይወጣ ሌላ አልቀበልም!"

ስታብላይዘሩን ጠየቀው። ስታብላይዘሩም አረንጓዴ መብራቱን አፈጠጠበት። "እኔን ማን ሆነህ ነው የምትነካኝ? ኢንጅነር ሳይፈቅድ አልነቀልም!"

ስታብላይዘሩ ኢንጅነር ሳይፈቅድ አልነቀልም አለ፤ ሶኬቱ እንግዳዬ ሳይወጣ አልቀበልም አለ፤ ማሽኑ ያለ ሶኬት አልዞርም አለ፤ መጥረቢያው ሳልሞረድ አልቆርጥም አለ፤ ባሕር ዛፉ ያለ መጥረቢያ አልወድቅም አለ፤ ሽቦው ያለ ምሰሶ አልሰቀልም አለ፤ ሬዲዮው ያለ ሽቦ አልናገርም አለ፤ አበጋዝም ልጁን መስማት አልቻለም። ሰዓቱ አሥራ አንድ ተኩል ሆነ።

ወደ ሞላልኝ ሱቅ ሮጠ። ሱቁ ተዘግቷል። "ኢንጅነር ለሥራ ወጥቷል" አለው ጎረቤቱ፣ ወደ ጠላ ቤቱ በአገጩ እያመለከተ። ጠላ ቤቱ ሲገባ ግን ሞላልኝ ሌላ ጠላ ቤት ሄዷል። አበጋዝ ሲመለስ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኖ ነበር።

ከስታብላይዘሩ ፊት ቁጢጥ ብሎ አሰላ። መሞረዱ አሥር ደቂቃ። ዛፉን መጣሉ ግማሽ ሰዓት። ጉድጓድ መቆፈሩ፣ መትከሉ፣ ሽቦ መስቀሉ አንድ ሰዓት። ደግሞ አሰላው። ምንም ቢያደርግ ምሰሶው የሚቆመው ትርሲት ዜናውን አንብባ፣ ወረቀቷን አጣጥፋ፣ ወደ ቤቷ ከሄደች በኋላ ነው። ነገ ጠዋት ስትደውል ምን ይላታል? እሱም እንደ ሌሎቹ "ጎበዝ ነሽ" ሊላት ነው። ታውቅበታለች።

"ምን ተጎልተህ ቀረህ?" አለች አስካለ ከበሩ።

"አልደርስም፣ አስካለ። አለቀ።"

"ያ ሰውዬስ?" አለች፣ ወደ መስኮቱ እያየች። ሹኩር ከውጭ ማሽኑን እንደ ታመመ ሰው ጆንያ እያለበሰው ነው። "ላንተ ቢያልቅ ለሱም ማለቅ አለበት? አንተ ለአንድ ዝንብ ቤት ሠርተህ ሰውየውን ሁለት ቀን ሥራ አስፈታኸው።"

"ሞላልኝ ከነቀልከው ይቃጠላል ብሏል።"

"ይቃጠላ! አንተ ካልነቀልከው እኔው ምድጃ ላይ እጥደዋለሁ።"

አበጋዝ አፈረ። ያፈረው ከአስካለ አይደለም፤ አራት ዓመት ሙሉ መቀሱን ከሞረደለት ሰው ነው። ስለ ሬዲዮው ማሰብ ተወ። የስታብላይዘሩን ገመድ ያዘ፣ ዓይኑን ጨፈነና ነቀለው።

ምንም አልተቃጠለም። አረንጓዴው መብራት ጠፋ፤ ሬዲዮውም ጸጥ አለ። "ዝ" እንኳ አላለም። አበጋዝ የሹኩርን ገመድ በመስኮት ጎትቶ ሰካው። ውጭ ማሽኑ "ቩዩዩ" ብሎ ዞረ። "አላህ ይስጥህ፣ ጋሼ!" የሚል ድምፅ ከመስኮቱ ሥር መጣ።

ከዚያ አበጋዝ የሞተውን ሬዲዮ ከዙፋኑ አወረደ። ዳንቴሉን ገፈፈ። ከጀርባው የተሰካውን ቀጭን ገመድ ለመጠቅለል ብሎ ነቀለው።

ያን ጊዜ ሬዲዮው "... ለዛሬ በዚሁ እንሰናበታለን" አለ።

አበጋዝ ሊጥለው ነበር። አራቱ ድንጋዮች ማክሰኞ ከነበሩበት አልተነሱም፤ ሆዱ ውስጥ ሆነው ገመዱ እስኪወጣላቸው ሲጠብቁ ነው የቆዩት። "ዝዝዝዝ" የለም። ዝንቡ ስታብላይዘሩ ኖሯል! ድምፁ ቀጭን ነው፣ ሩቅ ነው፣ ግን የሰው ድምፅ ነው።

"ማሽኑን አቁም!" ብሎ ጮኸ፤ የሹኩር ማሽንም ትንሽ ያንጫጫው ነበርና። ሹኩር አቆመ።

"ከዚህ የቆርቆሮ ጣራ ሥር አውጣው" አለች አስካለ። ሳትጠብቀውም በእጀታው አንጠልጥላ ወጣች። ለሬዲዮ ክብር ማለት እንደ ሽማግሌ ከቤት ውስጥ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ የሚመስለው ባሏ ነው፤ እሷ በርጩማ አምጥታ ከልብስ ማስጫዋ ሥር አስቀመጠችው። አንሶላዎቹንም ጠራርጋ በአንድ እጇ አወረደች። "እስቲ የልብስ ነው በለኝ አሁን።"

አበጋዝ ከአሥራ አምስት ሜትሩ ሽቦ ሁለት ክንድ ቆረጠ። የመዳቡ ቀለም ድምፅ እንደማያሳልፍ ሞላልኝ ባይነግረውም ያውቃል፤ ሁለቱን ጫፎች በሹኩር ቢላ ፋቀ። አንዱን የሬዲዮው አንቴና ላይ ጠመጠመ። ሌላውን የልብስ ማስጫው ላይ ጠምጥሞ በልብስ መቆንጠጫ አጠበቀው።

ድምፁ ከሩቅ አገር ተነስቶ ግቢው ውስጥ ተቀመጠ።

እንግዲህ ሽቦው ሳይሰቀል፣ ባሕር ዛፉ ሳይወድቅ፣ መጥረቢያው ሳይቆርጥ፣ ኢንጅነሩ ሳይፈቅድ፣ ሬዲዮው ተናገረ። ስታብላይዘሩ ተነቀለ፤ ሶኬቱ ገመዱን ተቀበለ፤ ማሽኑ ዞረ፤ ሌሎቹ እዚያው እንደ ኮሩ ቀሩ። ሰዓቱ አሥራ ሁለት ከሃያ ስምንት ነበር።

እትዬ ቀለሟ ዛፋቸው መቼ እንደሚወድቅ ሊያዩ በአጥሩ ብቅ አሉ። አቶ ጎሹ መጥረቢያቸውን ፍለጋ መጡ። ሞላልኝም ሲፈልጉህ ነበር ሲሉት ሰምቶ፣ ጠላውን ጨርሶ ደረሰ። አበጋዝ ማንንም አላየም። ጆሮውን ሬዲዮው ላይ ለጥፏል።

"ጤና ይስጥልን፣ አድማጮቻችን። ዜናዎቹን አቀርብላችኋለሁ።"

አስካለ አንሶላውን አፏ ላይ ያዘች። ትርሲት ናት። የመጀመሪያው ዜና ስለ ጎርፍ ነበር፤ ሁለተኛው ስለ ስብሰባ። ሦስተኛው መሃል ላይ አንድ ቃል ተንሸራተተች።

"ዋጠችው" አለ አበጋዝ፣ ዓይኑን ሳያነሳ። "‘ነዋሪዎች’ የሚለውን።"

"ዝም በል!" አሉት ሁሉም በአንድነት።

ሩብ ሰዓቱ አለቀ። ሞላልኝ ጉሮሮውን ጠረገና ወደ ሰዎቹ ዞረ። "አያችሁ? ስታብላይዘር ማለት እንዲህ ነው። ኃይሉን አጠራቅሞ..."

"ኢንጅነር" አለች አስካለ፣ "ቤት ግባና እየው። ዶሮ ሊተኛበት ነው።"

እትዬ ቀለሟ ሳቁ፤ አቶ ጎሹ ሰው ሳይሞት መሳቅ ስለማይወዱ ወደ ሰማይ አዩ። አበጋዝ ግን እጁን አነሳ። ሬዲዮው ገና አልጨረሰም ነበር።

"ዜናውን ያቀረብኩላችሁ" አለ የልብስ ማስጫው ሽቦ፣ የወይራ ገደል ሰው እየሰማ፣ "ትርሲት አበጋዝ ነኝ።"

አበጋዝ ሬዲዮውን ዘጋ። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ቀስ ብሎ ጠቀለለው፤ ሲጨርስ ፈትቶ ደግሞ ጠቀለለው።

"ስሜን አልዋጠችውም" አለ። "እስከ ጫፉ አለችው።"

ባሕር ዛፉ ዛሬም እትዬ ቀለሟ ጓሮ ቆሟል። መጥረቢያው ተስሎ ወደ ዕድሩ ቤት ተመልሶ ሰው ይጠብቃል። ተረቱ ተነቀለ፤ ሶኬቱ ለሹኩር ተመለሰ።